ለ17 ካሬ ሜትር ሳሎን፣ ለሙዚቃም ለፊልምም የሚሆን ሳብዉፈር የትኛው ነው?

የጀሞው አድማጭ፦

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። የሳሎናችን ርዝመት 5 ሜትር፣ ወርዱ 3.4 ሜትር፣ ከወለል እስከ ጣሪያ ያለው ከፍታ 2.6 ሜትር ሲሆን፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉና ጣሪያው ደግሞ ኮንክሪት ነው። ቴሌቪዥኑ ያለው በአንደኛው አጭር ግድግዳ በኩል ነው፤ ሶፋው ከትይዩ ያለውን ግድግዳ ተደግፏል። ከሁለት ዓመት በፊት ያገለገለ ሪሲቨር (ስፒከሮቹን የሚያጫውተው አምፕሊፋየር) እና ባለ 5 ኢንች ሁለት ስፒከሮች ገዝቼ እስካሁን በእነሱ እጠቀማለሁ። ለድምፃዊ፣ ለክራርና ለመሲንቆ አላሳፈሩኝም፤ ከበሮና ቤዝ ጊታር ሲመጣ ግን አቅም ያንሳቸዋል።

በዓቢይ ጾም የምናዳምጠው በገና ነው። በሌላው ጊዜ በእኛ አቆጣጠር የ1960ዎቹን የአዲስ አበባ ባንዶች እንሰማለን፤ ቅዳሜ ማታ ደግሞ ከልጆቻችን ጋር ፊልም እናያለን። ስለዚህ የምገዛው ሳብዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣው ስፒከር) ለሁለቱም መሆን አለበት።

ባለፈው ወር ከጓደኛዬ አንድ ሳብዉፈር ተውሼ፣ በቴሌቪዥኑ አጠገብ ከቡፌው ጎን ጥግ ላይ አስቀምጬ ሞክሬ ነበር። ሁለት ነገሮች ግራ አጋቡኝ። የመጀመሪያው፣ ቤዝ ጊታሩ በሚወርድበትና በሚወጣበት ጊዜ አንድ ኖታ ላይ ሲደርስ ብቻ ረከቦቱ ላይ ያሉት ሲኒዎች ይንቀጠቀጣሉ፤ ከዚያ በፊትና በኋላ ያሉት ኖታዎች ግን ያለ ምንም ኮሽታ ያልፋሉ። ሁለተኛው፣ እኔ ሁልጊዜ የምቀመጠው በሶፋው የግራ ጫፍ፣ ግድግዳው ሥር ነውና ቤዙ በዝቶብኝ ልቀንሰው ስነሳ፣ መካከል ላይ የተቀመጠችው ባለቤቴ «ምኑን ትቀንሰዋለህ፣ ጭራሽ የለም እኮ» ትለኛለች። አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠን እንዴት ይህን ያህል እንለያያለን?

ወንድሜ ከሜሪላንድ ለትንሣኤ ስለሚመጣ እሱ ይዞልኝ እንዲመጣ አስቤያለሁ። የያዝኩት ገንዘብ እስከ 600 ዶላር ይደርሳል። የጠየቅኋቸው ሰዎች ሁሉ «ለሙዚቃ ዝግ ሳጥን፣ ለፊልም ቀዳዳ ያለው ሳጥን» ይሉኛል፤ ሁለቱንም ለሚፈልግ ሰው ግን ይህ መልስ አይሆነውም። በተጨማሪም ከእኛ በታች ባለው ፎቅ አንዲት አረጋዊት እናት ስለሚኖሩ እሳቸውን እንቅልፍ መንሳት አልፈልግም። ምክራችሁን እጠብቃለሁ።

ሳጥን ሠሪው፦

ወንድሜ፣ የሲኒዎቹን ነገር መጻፍዎ መልካም ሆነ፤ የመልሱ ግማሽ እዚያ ውስጥ አለ።

ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ይህን ቁጥር ለክፍሉ ርዝመት እጥፍ ሲያካፍሉት፣ ክፍሉ በዚያ አቅጣጫ አጉልቶ የሚመልሰውን የመጀመሪያውን ወፍራም ድምፅ ያገኛሉ። በእርስዎ ሳሎን በርዝመቱ 34 ኸርዝ (በሰከንድ 34 ርግብግብታ)፣ በወርዱ 50 ኸርዝ፣ በከፍታው 66 ኸርዝ ይሆናል። የርዝመቱ ሁለተኛ ድምፅ ደግሞ 69 ኸርዝ ገደማ ስለሚውል ከከፍታው ጋር ይጎራበታል። አሁን ወደ ቤዝ ጊታሩ እንምጣ። በወጣትነቴ ለጥቂት ዓመታት ቤዝ ተጫውቻለሁ፤ ባለ አራት ክሩ ቤዝ ወፍራሙ ክር ሳይጫኑት ሲመታ 41 ኸርዝ ይሰጣል፤ በዚያው ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ሲጫኑት 49 ኸርዝ ይሆናል። ሲኒዎችዎን የሚያንቀጠቅጠው ይህ ኖታ ነው ብዬ እገምታለሁ። ተጫዋቹ ከሌሎቹ ለይቶ በኃይል አልመታውም፤ ለይቶ የሚያጎላው የሳሎንዎ ወርድ ነው።

የባለቤትዎም ቅሬታ እውነት ነው። በግራና በቀኝ ግድግዳ መካከል የሚመላለሰው የ50 ኸርዝ ድምፅ ግድግዳው ሥር እጅግ ከፍ ይላል፣ ልክ መካከል ላይ ደግሞ ሊጠፋ ምንም አይቀረውም። እርስዎ የተቀመጡት ከፍ በሚልበት፣ እሳቸው የተቀመጡት በሚጠፋበት ቦታ ነው። ሳብዉፈሩን ጥግ ላይ ማስቀመጥዎ ደግሞ ነገሩን አባብሶታል፤ ጥግ የርዝመቱንም፣ የወርዱንም፣ የከፍታውንም ድምፅ በሙሉ ኃይሉ የሚቀሰቅስ ቦታ ስለሆነ።

ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ያንኑ የተዋሱትን ሳብዉፈር ከጥግ አውጥተው በቴሌቪዥኑ ግድግዳ እኩሌታ ላይ፣ ማለትም ከግራም ከቀኝም 1.7 ሜትር ርቀት ላይ ያስቀምጡት። እዚያ ቦታ ላይ ሆኖ የወርዱን 50 ኸርዝ ሊቀሰቅስ አይችልም፤ ድምፁ በራሱ የሚጠፋበት መስመር ላይ ስለሚቆም። ቤዙ የግራው ሰውና የመካከሉ ሰው ዘንድ ተቀራራቢ ሆኖ ይደርሳል። ይህ ምንም ወጪ የለውም፤ በእኔ እምነትም በ300 ዶላርና በ600 ዶላር ሳብዉፈር መካከል ካለው ልዩነት ይበልጣል።

አንድ ነገር ልጨምር። በኢንተርኔት የምናነበው ምክር አብዛኛው የተጻፈው በአሜሪካ ቤት ለሚኖር ሰው ነው። እዚያ ግድግዳው በእንጨት ማዕቀፍ ላይ የተመታ የጂፕሰም ቦርድ ስለሆነ አብሮ እየተርገበገበ ወፍራሙን ድምፅ በከፊል ይውጠዋል፣ በከፊልም ወደ ውጭ ያሳልፈዋል። የእኛ ብሎኬትና ኮንክሪት ግን ይዞ ይመልሰዋል። ስለዚህ «ክፍልህ ትንሽ ቢሆንም ትልቁን ግዛ» የሚለውን ምክር እንዳለ መቀበል ለእኛ አይበጅም። የእርስዎ ሳሎን ተባዝቶ 44 ሜትር ኩብ ገደማ ነው፤ ይህን የምትሞላው አንዲት ጥሩ ባለ 12 ኢንች ናት።

ስለ ሳጥኑ ዓይነት ያለኝ ሐሳብ ይህ ነው። ዝግ ሳጥን ድምፁ ወደ ታች ሲወርድ ቀስ እያለ ይደክማል፤ በየኦክታቩ (ድግግሞሹ በግማሽ በወረደ ቁጥር) 12 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ያህል ይቀንሳል። ቀዳዳ ያለው ሳጥን እስከተቃኘበት ድግግሞሽ ድረስ በርትቶ ይወርድና ከዚያ በታች በየኦክታቩ 24 ዴሲቤል እየቀነሰ ይወድቃል። ትንሽና ጠንካራ ግድግዳ ያለው ክፍል ደግሞ በራሱ የታችኛውን ድምፅ ከፍ ስለሚያደርግ፣ የዝጉ ሳጥን ድካም በክፍሉ እርዳታ ይካካሳል። ሰዎች «ቀዳዳ ያለው ለሙዚቃ አይሆንም» የሚሉት በርካሽ የሚሸጡትንና ከ45 ኸርዝ በላይ የተቃኙትን ሰምተው ነው። እነዚያ ውስጥ ከበሮው አንድ ጊዜ ተመትቶ «ዱም» ካለ በኋላ ሁለተኛው ምት እስኪመጣ ጭራው አያልቅም፤ የሰፊውን ፊት ምት ከጠባቡ ፊት ምት መለየትም ያስቸግራል። ከ20 ኸርዝ በታች የተቃኘ ጥሩ ሳጥን ይህ ጉድለት የለበትም። ለእርስዎ ክፍል ግን እኔ የምመርጠው ዝጉን ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

የሳጥን ሠሪው ማብራሪያ ትክክል ነው፤ በመጨረሻው ምርጫቸው ላይ ብቻ የምለየው ነገር አለኝ። እኔ ሁለቱንም ዓይነት አንድ ቤት ውስጥ ተጠቅሜባቸዋለሁ። የፊልም ፍንዳታና የነጎድጓድ ድምፅ ብዙ ጊዜ ከ30 ኸርዝ በታች ይወርዳል፤ እዚያ ላይ ቀዳዳ ያለው ሳጥን ያለ ጭንቀት የሚሰጠውን ድምፅ ዝጉ የሚሰጠው ኮኑ (የሚርገበገበው የስፒከሩ ፊት) እስከ አቅሙ ጫፍ ተገፍቶ ነው። ከልጆች ጋር ፊልም ማየት ዋና ደስታቸው ከሆነ ቀዳዳ ያለውን ከወዲሁ ባያስወጡት እመርጣለሁ። የኤስቪኤስ ኩባንያን ሁለት ወንድማማች ሳብዉፈሮች ለምሳሌ ብንወስድ፣ ኤስቢ 1000 ፕሮ ዝግ፣ ፒቢ 1000 ፕሮ ቀዳዳ ያለው ሲሆን ሁለቱም ባለ 12 ኢንችና ባለ 325 ዋት ናቸው፤ ልዩነታቸው ሳጥኑ ነው። ሆኖም ዝጉ ወደ 12 ኪሎ፣ ሌላኛው ወደ 20 ኪሎ ይመዝናል። ወንድምዎ በአውሮፕላን ይዞ የሚመጣ ከሆነ፣ ካርቶኑና ማሸጊያው ሲጨመርበት ሁለተኛው ከአንድ ሻንጣ የ23 ኪሎ ገደብ ጋር ይተናነቃል፤ ስፋቱም ቀላል አይደለም። ይህን ሳስበው ምርጫው በሻንጣው ሊወሰን ይችላል።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ የኤሌክትሪኩ ጉዳይ ነው፤ ብዙ ሰው ሲሳሳትበት አይቻለሁና ረጋ ብለው ያንብቡልኝ። እዚህ አሜሪካ ያለው 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ወንድምዎ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ከዕቃው ጀርባ ኤሌክትሪክ ገመዱ ከሚሰካበት አጠገብ ያለውን ጽሑፍ ያንብብ። «100–240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ» የሚል ከሆነ ሶኬት ብቻ ቀይረው ይጠቀማሉ። 115 እና 230 የሚል መቀየሪያ ያለው ከሆነ ወደ 230 ካዞሩት በኋላ ብቻ ይሰኩት። 120 ብቻ የሚል ከሆነ ግን ቮልቴጅ የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልግዎታል፤ ትራንስፎርመሩም በሳብዉፈሩ ውስጥ ካለው አምፕሊፋየር ዋት እጥፍ የሚችል ይሁን። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ 50 ኸርዙን ወደ 60 እንደማይለውጠውም ይወቁ፤ በውስጡ ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ከባድ ትራንስፎርመር ያለው የቆየ ዕቃ በ50 ኸርዝ ከልክ በላይ ሊሞቅ ይችላል። የመጀመሪያውን ዓይነት ማግኘት ከሁሉ የተሻለ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ለሚመጣው ከፍና ዝቅ ደግሞ ስታብላይዘር ቢያደርጉለት ዕቃው ይከርምልዎታል።

ከተሰካ በኋላ «እም» የሚል የማያቋርጥ ድምፅ ቢሰሙ ሳብዉፈሩ ተበላሽቷል ብለው አይደንግጡ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የዲሽ ኬብሉ ነው። ኬብሉን ከዲኮደሩ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ይንቀሉትና ድምፁ ከጠፋ ምንጩን አገኙት ማለት ነው። ያን ድምፅ ለማጥፋት ብለው የሶኬቱን የመሬት መስመር በፍጹም እንዳይቆርጡ፤ እሱ የሕይወት ጉዳይ ነው። የእርስዎ ሳሎን በወርዱ የሚያጎላው ድምፅ 50 ኸርዝ፣ የኤሌክትሪኩም ድግግሞሽ 50 ኸርዝ መሆኑ ደግሞ፣ ሳብዉፈሩ ጥግ ላይ ከተቀመጠ፣ ይህችን ትንሽ እምታ ከሌላ ቤት ይልቅ ጎልታ እንድትሰማ ያደርጋታል።

የማታ ሙዚቃ፦

እኔም ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምኖረው፤ ከሥሬም ከላዬም ሰው አለ። ስለዚህ ስለ ጎረቤትዎ ያነሱትን ነገር ልመልስ፤ ከሪሲቨሩ አስተካከል ጋርም የተያያዘ ነው።

በሙዚቃና በፊልም መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት ከሳጥኑ በፊት በራሱ በቅጂው ውስጥ ያለ ነው። ሙዚቃው በሁለት መስመር የተቀዳ ስለሆነ ለሳብዉፈር ተብሎ የተለየ ምንም ነገር የለውም፤ ሳብዉፈሩ የሚደርሰው ሪሲቨሩ ከሁለቱ ስፒከሮች ቆርጦ የሚሰጠው ብቻ ነው። በዶልቢ ዲጂታል 5.1 የተዘጋጀ ፊልም ግን «ነጥብ አንድ» የተባለው መስመር ለወፍራም ድምፅ ብቻ የተመደበ ነው፤ እስከ 120 ኸርዝ ይደርሳል፣ ከሌሎቹ መስመሮችም በ10 ዴሲቤል ከፍ ብሎ እንዲጫወት ተደርጎ የተሠራ ነው። ለሙዚቃ ልክ የሆነው መጠን በፊልም ጊዜ ቤት የሚያናውጠው በዚህ ምክንያት ነው። ሪሲቨርዎ የዚህን መስመር መጠን ለብቻው መቀነሻ ካለው ማታ ማታ በ5 ወይም በ10 ዴሲቤል ዝቅ ያድርጉት፤ የተዋንያኑ ንግግር አይነካም። «ናይት ሞድ» የሚለውም የጮኸውን ዝቅ፣ የለሰለሰውን ከፍ ስለሚያደርግ ልጆች ከተኙ በኋላ ይጠቅማል።

ለባለ 5 ኢንች ስፒከሮችዎ ሪሲቨሩ ላይ «ስሞል» የሚለውን ይምረጡና ክሮስኦቨሩን (ድምፁ ለስፒከሮቹና ለሳብዉፈሩ የሚከፈልበትን ነጥብ) 80 ኸርዝ ላይ ያድርጉት፤ ሳሱ ካሉ እስከ 100 ከፍ ማድረግ ይቻላል። ከዚያ በላይ ካስወጡት ግን ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ጆሮ መለየት ይጀምራል። በራሱ በሳብዉፈሩ ላይ ያለውን የክሮስኦቨር ቁልፍ እስከ መጨረሻው ከፍተው ይተዉት፤ አለዚያ ድምፁ ሁለት ጊዜ ይቆረጣል።

ስለ በገናው ልናገር፤ እኔም በጾም የማዳምጠው እሱን ነውና። ብዙ ሰው በገና ወፍራም ድምፅ ስላለው ሳብዉፈር ከፍ ሲል ግርማው የሚጨምር ይመስለዋል። የበገና ግርማ ግን አብዛኛው ያለው ክሩ እንዚራውን (ከክሩ ሥር የሚገባውን ቁራጭ ቆዳ) እየነካ በሚያወጣው ርግብግብታ ውስጥ ነው፤ ይህም ከ80 ኸርዝ እጅግ ከፍ ብሎ የሚሰማ ስለሆነ የስፒከሮችዎ ሥራ ነው። ሳብዉፈሩን ከፍ ባደረግኩት ቁጥር አሥሩ ክሮች ተለይተው መሰማታቸው ቀርቶ አንድ የታፈነ ድምፅ ሆነውብኝ ያውቃሉ። ሳብዉፈሩ መኖሩ እስኪረሳ ድረስ ዝቅ ባደረግኩት ጊዜ ግን የደርዳሪው ጣት ክሩን ሲለቅ እንኳን ይሰማኝ ጀመር።

ከሳብዉፈሩ እግር ሥር ወፍራም ላስቲክ ማድረግ ንዝረቱ በቀጥታ ወደ ወለሉ እንዳይሄድ ይረዳል፤ በአየር የሚሄደውን ወፍራም ድምፅ ግን አያቆመውም። ምንጣፍና መጋረጃም ለዚህ አይጠቅሙም፤ የ40 ኸርዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመቱ ከ8 ሜትር ይበልጣል፣ መጋረጃ ሊይዘው አይችልም። ስለዚህ እኔ ያደረግኩትን ያድርጉ፤ አንድ ቀን ከሰዓት እናቲቱ ቤት ወርደው ቡና እየጠጡ፣ ባለቤትዎ ላይ ሆነው ፊልሙን ይክፈቱት። በስንት ቁጥር ላይ ሲሆን እንደሚሰማ በራስዎ ጆሮ ያውቁታል፤ ያንን ቁጥር ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ አይለፉት።

የጀሞው አድማጭ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በተዋስኩት ሳብዉፈር ያደረግኩትን ልንገራችሁ።

ጋሼ ሳጥን ሠሪ እንዳሉኝ ከጥግ አውጥቼ ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ በሜትር ለክቼ ልክ እኩሌታው ላይ አስቀመጥኩት። ልጄ በስልኳ ላይ ባለ ድምፅ ማመንጫ ከ30 እስከ 80 ኸርዝ በየሁለት ኸርዙ እያሰማችን፣ እኔና እናቷ እየተቀያየርን በሶፋው ጫፍና መካከል እየተቀመጥን የሰማነውን ጻፍን። በ50 አካባቢ ሁለታችን የጻፍነው ተመሳሳይ ሆነ፤ ሲኒዎቹም ዝም አሉ። ያንኑ ዘፈን ስከፍተው፣ ቤዝ ጊታሩ ያን ኖታ እንደ ማንኛውም ኖታ አልፎት ሄደ። ባለቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ «አሁን ይሰማል» አለች።

እናታችን ዘንድም ወርጄ ነበር። የንግግር ድምፅ ጨርሶ አይሰማም፤ ፍንዳታው ግን ሪሲቨሩ ከ45 ሲያልፍ ከጣሪያቸው ይወርዳል። የማታ ገደባችንን 40 ላይ አድርገናል።

ወንድሜ ዝጉን እንዲያመጣልኝ ወስኛለሁ፤ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንስቶ ሳይልክልኝ እንዳይከፍልም ነግሬዋለሁ። አንድ ችግር ቀርቶኛል። በ34 እና በ68 ኸርዝ ላይ ድምፁ አሁንም ለሁለታችንም እኩል ገንኖ ይሰማል። ይህን አዲሱ ሳብዉፈር ያስተካክለዋል?

ሳጥን ሠሪው፦

አያስተካክለውም፤ እነዚያ የርዝመቱ ድምፆች ናቸውና የትኛውም ሳብዉፈር ቢመጣ ያው ነው። ሁለታችሁም ጀርባችሁን ለኋላው ግድግዳ ሰጥታችሁ የተቀመጣችሁት ሁለቱም ከፍ በሚሉበት ቦታ ላይ ነው። ሶፋውን ከግድግዳው 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደፊት ሳቡት፤ 68 ላይ ያለው በግልጽ ይቀንሳል። ወደፊት መሳቡ ደስ ቢላችሁም 1.25 ሜትር እንዳይደርስ፤ እዚያ ላይ ያው ድምፅ ጨርሶ ይጠፋባችኋል።

የ34ቱ ግን በ60 ሳንቲ ሜትር ብዙም አይቀንስም። እሱን የምታስተካክሉት በኢኩዋላይዘር (አንዱን ድግግሞሽ ለይቶ ከፍና ዝቅ በሚያደርግ ማስተካከያ) ነው፤ የምታመጡት ሳብዉፈር በስልክ የሚታዘዝ ማስተካከያ ካለው 34 ላይ ጠበብ ያለ ቅነሳ ስጡት፣ ከ4 ዴሲቤል ጀምራችሁ እየሰማችሁ ጨምሩ። ገንኖ የሚሰማውን መቀነስ ይቻላል፤ የጠፋውን ግን ከፍ በማድረግ ለመሙላት አትሞክሩ፣ አምፕሊፋየሩ ይደክማል እንጂ ድምፁ አይመለስም። ፌዙን (የሳብዉፈሩ ርግብግብታ ከስፒከሮቹ ጋር እኩል እንዲሄድ የሚያደርገውን መቀየሪያ) ከዚህ ሁሉ በኋላ አስተካክሉት፤ 80 ኸርዝ አካባቢ ያለ ድምፅ ከፍታችሁ አንዳችሁ ሶፋው ላይ ተቀመጡ፣ ሌላው 0 እና 180 ላይ እያደረገ ይቀያይር፤ በሁለቱ ከፍ ብሎ የተሰማው ላይ ተዉት።